ድረ ገጽ ለመሥራት ኔትወርክ አንጠብቅ
አድማጮቻችን፣ ደምበጫ ላይ ሆኖ ድረ ገጽ ለመሥራት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት አይደለም። ገጹ ኤችቲኤምኤል በተባለው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ምልክቶች የተከፋፈለ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ተጽፎ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይታያል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ስለገባ፣ ጽሑፉ በዩኒኮዱ ዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ የተጻፈ መሆኑን ገጹ አናት ላይ ካሰፈርን አማርኛው አይበላሽም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዳየነው፣ ኔትወርክ አያስተማምንም፤ እዚህ ግን ኔትወርክ የሚያስፈልገን ሌሎች ገጹን እንዲያዩት ፋይሉን እንደ ጊትሃብ ፔጅስ ባለ ነጻ የድረ ገጽ ማስተናገጃ አገልግሎት ላይ ስንጭን ነው።

«ቴሌግራም እያለ ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። ለዕለት ወሬስ ይበቃል፤ የአንድ ጤፍ ነጋዴ አድራሻና የሥራ ሰዓት ግን በመልእክት ጎርፍ ሥር ይቀበራል። እርግጥ ነጻው አገልግሎትም የሰው ቤት ነው። ቢዘጋ ግን ዋናው ፋይል እጃችን ላይ ስላለ ወደ ሌላ እንጭነዋለን።