ባለሁለት ጎማ ትራክተርን ያለ አደጋ መንዳትና መንከባከብ

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



የዛሬው ርዕሳችን ባለሁለት ጎማ ትራክተር ነው። አንዳንዶቻችሁ በግል፣ አንዳንዶቻችሁ በማኅበር ገዝታችሁታል፤ ሌሎቻችሁ ለመግዛት እያሰባችሁ ነው። ስለ ዋጋው፣ ስለ ብድሩና በቀን ስንት ጥማድ እንደሚያርስ በሌላ ክፍለ ጊዜ ይነገራችኋል። እኔ የምናገረው ማሽኑ ሰው ሳይጎዳ፣ ራሱም ያለ ዕድሜው ሳይበላሽ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ይህ ደግሞ እናንተን ከሌላው ሰው ይበልጥ ይመለከታል። ጎረቤት የሚማረው መመሪያ አንብቦ ሳይሆን እናንተን አይቶ ነው። እናንተ ጋቢ ለብሳችሁ ሞተር ብታስነሱ፣ ነገ መንደሩ ሁሉ ጋቢ ለብሶ ያስነሳል።

ሁላችሁም እርፍ ጨብጣችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። በሬ ሲደክመው ይቆማል፣ ድንጋይ ሲገጥመው ይገታል፣ “ቁም” ሲሉት ይሰማል፣ ገደል አፋፍ ሲደርስም በራሱ ያፈገፍጋል። ሞተር ከዚህ አንዱም የለውም። እጃችሁ ካላቆመው የሚያቆመው የለም። በሬ ስንጠምድ የለመድነው ነገር ግን ከእጃችን በቀላሉ አይወጣም፤ ከፊቱ መቆም፣ ከኋላው ልጆችን ማስከተል፣ እየሄደ ሳለ አፈር መጠራረግ የመሳሰለው ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመማር በፊት የድሮውን ልማድ ከትራክተሩ አጠገብ መተው ያስፈልጋል።

የቁልቁለቱን ነገር አስቀድሜ አነሳለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ማሳ ተዳፋት ነውና።

ይህ ትራክተር መሪ የለውም። በሁለቱ እጀታዎች ሥር አንዳንድ መጭመቂያ አለ፤ የመዞሪያ ፍሪሲዮን እንበለው። የግራውን ስትጨምቁ የሞተሩ ጉልበት ከግራ ጎማ ላይ ይቋረጣል፤ የቀኙ ጎማ ግን መግፋቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። ሜዳ ላይም ዳገት ስትወጡም እንዲህ ነው። ለመልመድ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ቁልቁለት ስትወርዱ ይህ ይገለበጣል። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማችኋል፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሲደነግጥም አይረሳውም። በቁልቁለት ላይ ማሽኑን ወደ ታች የሚስበው የራሱ ክብደት ነው። ሞተሩ በማርሹ በኩል ሁለቱንም ጎማዎች ይዞ እንደ ልጓም ያዘገያቸዋል። የግራውን ስትጨምቁ የግራው ጎማ ከልጓሙ ይፈታና ይሮጣል፤ የቀኙ እንደተያዘ ይቀራል። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሲዘገይ ማሽኑ ወደተያዘው ጎማ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ይዞራል። ነጂው ወደ ግራ ፈልጎ ማሽኑ ወደ ቀኝ ሲሄድበት ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ የያዘውን ይበልጥ ይጨምቃል፤ ማሽኑም ይበልጥ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በዚያ በኩል ቦረቦር ካለ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም። ሁለቱን መጭመቂያዎች አንድ ላይ መጭመቅ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ሁለቱም ጎማዎች ይፈቱና ማሽኑ ያለ ልጓም ይወርዳል።

ስለዚህ ቁልቁለት ላይ የመዞሪያውን ፍሪሲዮን አትንኩ። ከመውረዳችሁ በፊት ከአናቱ ላይ ቁሙ፤ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ነዳጁን ቀንሱ፤ ከዚያ ውረዱ። መታጠፍ ካስፈለገ እጀታውን በክንዳችሁ ጉልበት ቀስ እያላችሁ ወደምትፈልጉት በኩል አዙሩ። መሃል ላይ ማርሽ አትቀይሩ፤ ማርሹንም ነጻ አታድርጉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነጻ አድርጎ የሚወርድ ነጂ ካያችሁ ማሽኑን አታከራዩት።

ልምድ ያላቸው አንዳንድ ነጂዎች ቁልቁለት ላይ አውቀው ተቃራኒውን ጨምቀው ይዞራሉ። እውነት ነው፣ ይሠራል። እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው የጀመረበት ቦታ መስመር የተሰመረበት አይደለም፤ ሞተሩ ማሽኑን መያዝ ትቶ መግፋት የጀመረበትን ቅጽበት በእጅ ለመለየት ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ተሳቢ ሲቀጠል ደግሞ መለየቱ የበለጠ ይከብዳል። እህል የተጫነ ተሳቢ ከኋላ ስለሚገፋ፣ ለዓይን ቁልቁለት የማይመስል መንገድ ላይ እንኳ መዞሩ ሊገለበጥ ይችላል።

ተሳቢን ካነሳን፦ ተሳቢው ለእህል፣ ለገለባና ለማዳበሪያ ነው። ከገበያ ስትመለሱ ዘመድ ወዳጅ “አድርሱን” ማለቱ አይቀርም፤ እምቢ ማለት በባህላችን ከባድ መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው ከላይ ሲቀመጥ ጭነቱ ከፍ ይልና ተሳቢው በቀላሉ ይገለበጣል። በተለይ ትራክተሩና ተሳቢው በሚገናኙበት ብረት ላይ ማንም አይቁም፤ ከዚያ የወደቀ ሰው የሚያገኘው የተሳቢውን ጎማ ነው።

እርከን ስትሻገሩ በሰያፍ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ በቀስታ ተሻገሩ። የቦረቦር ጠርዝ ቢያንስ በጥልቀቱ ልክ ይራቅ፤ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ከሆነ ሁለት ሜትር ራቁ፤ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ጠርዙ ከሥር የተበላ ሊሆን ይችላልና። በጣም ተዳፋት የሆነውን ማሳ በበሬ ማረሱን ቀጥሉ። ትራክተር ገዝቶ በሬን ጨርሶ መሸጥ ለሁሉም ማሳ የሚሆን ምክር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ተሽከርካሪ ማለስለሻው፣ ሮታሪ ወደምንለው እንምጣ። ቢላዎቹ የሚዞሩት ከነጂው እግር ፊት ነው። ሮታሪው እየዞረ ሳለ የኋላ ማርሽ በፍጹም አይገባም። ትራክተሩ ወደ ኋላ ሲነሳ እጀታው ወደ ላይ ይነሳል፤ ነጂው ሚዛኑን ስቶ ከወደቀ ቢላዎቹ ወደ እሱ ይመጣሉ። ወደ ኋላ መሄድ ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሮታሪውን ማርሽ አውጡ፣ መቆሙን በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ ከኋላችሁ ዛፍ ወይም ግድግዳ አለመኖሩን እዩ፣ ከዚያ በዝቅተኛ ነዳጅ ተመለሱ። የዋልካ አፈር ወይም የአረም ሥር ቢላዎቹ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሳታጠፉ በእጅም በእግርም አትንኩ። ፍሪሲዮን ይዞ ብቻ ማጽዳት አይቻልም፤ ፍሪሲዮን ያመልጣል።

ልጆች በሬ ሲታረስ እንደሚያደርጉት ሁሉ ከትራክተሩ ኋላ መከተል ይወዳሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ልጆቹን ከማሳው ውጭ እንዲይዝ መድቡ። ነጂው ከሞተሩ ድምፅ የተነሳ የልጅ ጩኸት አይሰማም።

አለባበስን በአጭሩ፦ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ኩታና የተፈታ ሻሽ ከቺንጊያ አጠገብ አይደርሱም። እጅጌው የተሰበሰበ ልብስና እግርን የሚሸፍን ጠንካራ ጫማ ይደረግ። በባዶ እግር ወይም በኮንጎ ጫማ ሮታሪ የሚነዳ ሰው ማየት የለብንም። የቺንጊያው መከለያ ቆርቆሮ ከተነሳ በቦታው ይመለስ፤ “ለመጠገን ያስቸግራል” ተብሎ ጎተራ ውስጥ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

ሞተሩን በማኖቬላ የምታስነሱ ከሆነ መጀመሪያ ማርሹ ነጻ መሆኑን አረጋግጡ። በግራ እጅ የትንፋሽ መልቀቂያውን ይዛችሁ በቀኝ እጅ ማኖቬላውን አዙሩ፤ ፍጥነት ሲያገኝ የግራውን ልቀቁ፣ የቀኙ መዞሩን አያቋርጥ። ሞተሩ ሲነሳ ማኖቬላው ራሱ ይላቀቃል፤ እስኪላቀቅ ግን ከእጃችሁ አይውጣ፤ በመሃል ከተለቀቀ ተወርውሮ ሰው ይመታል። አውራ ጣታችሁን ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጉ። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ማኖቬላውን የጠቀለለ አውራ ጣት ሊሰበር ይችላል። በተዘጋ ቤት ውስጥም አታስነሱት፤ ጭሱ ያለ ሽታና ያለ ማስጠንቀቂያ የሚገድል መርዝ አለበት።

ወደ ጥገናው ስንመጣ የሞተሩ ትልቁ ጠላት አቧራ ነው። በበጋ ደረቅ መሬት ስታለሰልሱ፣ ይልቁንም ሞተሩን አውድማ ላይ ለመውቂያ ስትጠቀሙበት፣ የሚተነፍሰው አየር በአፈርና በእብቅ የተሞላ ነው። የአየር ማጣሪያው ሥር ዘይት ያለበት ጎድጓዳ አለ። አቧራው እዚያ ዘይት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ዘይቱ ሲወፍር ወይም ሲደርቅ ግን አቧራው ወደ ሲሊንደሩ ያልፍና እንደ ሞረድ የፒስተኑን ፋሻ ይበላል። ምልክቱን ታውቁታላችሁ፤ ሞተሩ ለመነሳት ያስቸግራል፣ ዘይት ይጨርሳል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚጠይቀው ወጪ ትልቅ ነው፤ የማጣሪያው ወጪ ግን ትንሽ ዘይትና የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አቧራ በበዛበት ወቅት በየቀኑ ክፈቱና እዩት። ከቆሸሸ በናፍጣ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ሙሉ። ከምልክቱ አታሳልፉ፤ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል። “አየር አነሰው” ብሎ ማጣሪያውን አውልቆ የሚያሠራ መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ መካኒክ ፈልጉ።

የጭሱ ቀለም ብዙ ይናገራል። ጥቁር ጭስ ሥራው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወይም ማጣሪያው ሲታፈን ይወጣል፤ ማርሽ ቀንሱ ወይም የሮታሪውን ጥልቀት አሳንሱ።

የሞተር ዘይት በየቀኑ ከመነሳቱ በፊት፣ ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ቆሞ ይለካል። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት ውስጥ ከብረቱ የሚፋቅ ብናኝ ስላለው በ50 ሰዓት ይቀየር፤ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ። የእናንተ ማሽን መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው የመመሪያውን ያዙ። ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ ከሌለው ደብተር ግዙና የየቀኑን የሥራ ሰዓት ጻፉ። ማሽኑ የማኅበር ከሆነ ደብተሩ የግድ ነው፤ የሁሉም የሆነ ማሽን ዘይቱ የማንም ሥራ አይሆንምና።

ናፍጣው ከበርሜል እንደወረደ አይቀዳ። ሁለት ቀን ያህል ቆሞ ይዝቀጥ፤ ከላይ ቀድታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። ከሥር የሚቀረው ውሃና ደለል የነዳጅ መርጫውን ይጨርሳል። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ነው፤ ሲጋራም ኩራዝም አጠገቡ አይኑር።

ውሃውንም አትርሱ። ማቀዝቀዣው ውሃ የሚተን ዓይነት ከሆነ ቀይ ምልክቱ ዝቅ ሲል ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። ክዳን ያለው ራዲያተር ከሆነ በሙቀቱ አትክፈቱት፤ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል። ውሃ ጨርሶ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ብረቱን ይሰነጥቃል። አጥፉት፤ በራሱ ይብረድ፤ ከዚያ ሙሉ።

ቺንጊያው መሃሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ልክ ነው። ይህን የምታዩት ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ሦስት ቺንጊያ ካለውና አንዱ ከተበጠሰ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፤ አዲሱ ከላሉት ጋር ሲገባ ሸክሙን ብቻውን ይሸከምና ቶሎ ያልቃል። ዳዶና ቡሎኖችን፣ በተለይ የሮታሪውን ቢላዎችና የጎማዎቹን፣ በየጠዋቱ በቁልፍ ፈትሹ። ይህ ሞተር አንድ ሲሊንደር ስላለው ያንቀጠቅጣል፤ የተንቀጠቀጠ ዳዶ ደግሞ ይላላል።

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የምታለሙ፣ ጭቃ ውስጥ የምትሠሩ ሁሉ ማታውኑ እጠቡት፤ ነገ ይደርሳል አትበሉ። የብረት ጎማ የገጠማችሁ ከሆነ በመንገድ ላይ አትንዱበት፤ መንገዱንም ማርሹንም ይጎዳል።

ከምሳ በኋላ በማሰልጠኛ ማዕከሉ ማሳ እንገናኛለን። መጀመሪያ በሜዳው ላይ ሁላችሁም ተራ በተራ ግራና ቀኝ ታዞራላችሁ። ከዚያ ከሰርቶ ማሳያው በላይ ወዳለው ረጋ ያለ ተዳፋት እንወጣለን፤ ሮታሪውም ተሳቢውም ይፈታል፣ በአንደኛ ማርሽ፣ አሠልጣኙ አጠገባችሁ ሆኖ፣ የግራውን አንዴ ጨምቃችሁ ማሽኑ ወዴት እንደሚሄድ በእጃችሁ ታዩታላችሁ። ጋቢያችሁን እዚሁ አዳራሽ ትታችሁ ኑ።