ቀዶ ጥገናን በውጭ አገር ስለ መመልከት ጥቅም
(ለከተማው ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ቀዶ ጥገናን በመማር ላይ ያለ ወጣት ሐኪም ለጥቂት ወራት ወደ ባሕር ማዶ ሲላክ፥ በዚያ ቢላዋ እንደማይጨብጥ የሰማ ሰው ይገረማል። «በሽተኛው በደጅ ተሰልፎ ሳለ፥ ሐኪሙ ቆሞ ለማየት ይሄዳልን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይሻል።

እንግዳው ሐኪም በሽተኛውን የማይነካው፥ በሄደበት አገር የማከም ፈቃድ ስለሌለውና የበሽተኛው ደኅንነት ስለሚቀድም ነው። ዳሩ ግን እጁ ሥራ ሲፈታ ዓይኑ ይሠራል። ቀዳጁ ሐሳቡን በቁስሉ ላይ ሲያሳርፍ፥ ተመልካቹ መሣሪያው እንዴት እንደሚቈጠር፥ ነርሷና ማደንዘዣ ሰጪው ከሐኪሙ ጋራ እንዴት እንደሚነጋገሩ፥ ደም ቢበዛ ማን ምን እንደሚያደርግ ያስተውላል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ቢጻፍም ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሐልስቴድ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1878 እስከ 1880 ድረስ በአውሮጳ ተዘዋውሮ፥ በቪየና የቢልሮትን አሠራር ተመለከተ። በኋላም በ1889 በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፥ ወጣት ሐኪሞች ኃላፊነታቸው በየደረጃው እያደገ የሚሠለጥኑበትን ሥርዓት አቆመ። የሄደው አንድ ሰው ነበር፤ ጥቅሙ ግን ለብዙ ትውልድ ተረፈ።

ትምህርትም ከሀብታም አገር ብቻ አይገኝም። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በረዘመ ምጥ ምክንያት ፊስቱላ ለደረሰባቸው ሴቶችም በ1974 ሆስፒታል አቋቋሙ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሐኪሞች ጥገናውን በዚያ ተምረዋል። ካስተማሯቸውም መካከል ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ አንዷ ናቸው። እርሳቸው በሽተኛ ሆነው መጥተው፥ በቀዶ ጥገናው ክፍል በማየት ጀምረው፥ በመርዳት ቀጥለው፥ በመጨረሻ በእጃቸው ሠሩ። በ1989 የሎንዶን የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋራ የወርቅ ሜዳልያ ሰጣቸው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማየት መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። በአገሩ ሆስፒታል የማይገኘውን ውድ መሣሪያ ብቻ አድንቆ የሚመለስ ሐኪም ምኞት እንጂ ሙያ አያመጣም። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መልካም ልማድ ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ማረጋገጫ ዝርዝር አንዲት ወረቀት ናት፤ ከተፈተነችባቸው ስምንት ሆስፒታሎች አንዱ በታንዛንያ ይገኛል።

ስለዚህ ላኪው መሥሪያ ቤት ሐኪሙ ምን ሊያይ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይወስን። ሲመለስም ያየውን ለባልደረቦቹ እንዲያስተምር ጊዜና ቦታ ይስጠው። ይህ ከተደረገ፥ በደጅ ተሰልፎ የቈየው በሽተኛ የጠበቀበትን ዋጋ ያገኛል።