የደኑ ወለል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የቆምሁት ስለ አንዲት እንቁራሪት ልነግራችሁ ነው። ፈገግ ብላችኋል፤ ቢሆንም ታገሡኝ።

በባሌ ተራሮች፣ በሐረና ደን፣ የኮሶው ዛፍ አብቅቶ አስታው በሚጀምርበት 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከዚያ ሌላ በምድር ላይ በየትም ያልተገኘች ትንሽ እንቁራሪት አለች። ሊቃውንት ለሳይንስ ያስተዋወቋት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት ጋር ተመዝግባለች። የምትኖረው በወደቀ ግንድና በድንጋይ ሥር፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ ነው። በሳንባ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም ስለምትተነፍስ ቆዳዋ ከደረቀ ትሞታለች። እርሷን ለማጥፋት ታዲያ ደኑን ሁሉ መመንጠር አያሻም፤ ግንዱ ለማገዶ ሲነሣ፣ አስታው ሲቃጠል፣ ከብት አፈሩን ሲረግጠው ይበቃል። ከሩቅ ለሚያይ ዛፉ እንደ ቆመ ነው፤ ከሥሩ ግን ቤት ፈርሷል።

እንቁራሪቷ በእኛ አጥቢያዎች የለችም፤ ችግሯ ግን አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ደን ጽዱንና ወይራውን እንቆጥራለን፣ የቆረጠውን እንገሥጻለን፤ ወለሉን ግን ለከብት ለቅቀነዋል። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት፣ ከብት በማይገባበት ቦታ ቡቃያ በተሻለ እንደሚበቅልና እንደሚጸና አሳይተዋል። ባልታጠረው ቦታ ዘሩ ቢወድቅም የበቀለው ይረገጣል፣ ይበላል። አረጋውያን ዛፎች ብቻ የቀሩበት ደን ዲያቆን እንደሌለው ደብር ነው።

ነገሩ ቀላል ነው አልልም። በበጋ ለምለም ሣር የሚገኘው በቅጥሩ ውስጥ ነው፤ ከብቱን የሚነዳውም የራሳችን ምእመን፣ አንዳንዴም የካህኑ ልጅ ነው። እኔም እረኛ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ማባረር ብቻውን አይበቃም። ሣሩ በማጭድ ታጭዶ ለችግረኛው ይሰጥ፤ ቡቃያው አብሮ እንዳይታጨድ ግን አስቀድሞ እንጨት እየተተከለ ምልክት ይደረግበት። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ክበው ደናቸውን አጥረዋል፤ እርሻውም ከድንጋይ ጸዳላቸው።

የወደቀ ግንድ ይሸጥ ወይስ ይቅር የሚለውን ሰበካ ጉባኤው ይወስን፤ እኔ ግን ጥቂቱ እንኳ በወደቀበት ይበስብስ እላለሁ። ደግሞም የንግሥ በዓል ሳይደርስ የእንግዶች በቅሎ የት እንደምትታሰር ተመካከሩ፤ በብዙ ቦታ እንዳየሁት የምትታሰረው ከወይራው ቡቃያ መካከል ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።