ምክንያቱ ያልተጻፈ ቁጥር፦ የዲስክ ተራ አስከባሪን ማስተካከያዎች ስለ መመዝገብ



የዛሬው ርእሴ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በሊኑክስ ስርዓተ ክወና ውስጥ የዲስክን ሥራ የሚያስተናብረው ክፍል እንደ ሁኔታው የሚለወጡ ጥቂት ቁጥሮች አሉት። እኔም የምናገረው እነዚህ ቁጥሮች እንዴት ተመዝግበው መቀመጥ እንዳለባቸው ነው።

የታክሲ ተራ አስከባሪን ሁላችንም እናውቃለን። ዲስክም የራሱ ተራ አስከባሪ አለው። የንባብና የጽሕፈት ጥያቄዎችን ይቀበላል፤ የዲስኩ ራስ ወዲያና ወዲህ በመመላለስ እንዳይባክን በዲስኩ ላይ ባላቸው ቦታ ቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል፤ ሩቅ ያለው ጥያቄ ተረስቶ እንዳይቀርም ሰዓቱን ይመለከታል። የንስ አክስቦ የጻፈው ዴድላይን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊኑክስ 5.0 የቀድሞዎቹን ተራ አስከባሪዎች ካስወገደ በኋላም ሐሳቡ ኤምኪው ዴድላይን በሚባለው ውስጥ ቀጥሏል።

ከማስተካከያዎቹ አራቱን ላንሣ። ሪድ ኤክስፓየር ለንባብ ጥያቄ የተሰጠ የጊዜ ገደብ ሲሆን ነባሪ ዋጋው 500 ሚሊሰከንድ ነው። ራይት ኤክስፓየር ለጽሕፈት የተሰጠው ገደብ ነው፤ 5000 ሚሊሰከንድ። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ የሚያነብ ፕሮግራም መረጃው እስኪደርሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚጽፈው ግን ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን ለማህደረ ትውስታ አስረክቦ ሥራውን ይቀጥላል። ራይትስ ስታርቭድ ንባብ ስንት ጊዜ ጽሕፈትን ሊቀድም እንደሚችል ይወስናል፤ ነባሪው 2 ነው። ፊፎ ባች ደግሞ በአንድ ዙር በተከታታይ የሚላኩትን ጥያቄዎች ብዛት ይገድባል፤ ነባሪው 16 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጊዜ ገደቡ የሚመለከተው ጥያቄው መስተናገድ የሚጀምርበትን ጊዜ እንጂ የሚያልቅበትን አይደለም። የሚታየውም በዙሮች መካከል ነው። አንድ ጥያቄ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። 16 ጥያቄ 160 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ፊፎ ባችን 256 ካደረግነው ግን አንድ የጽሕፈት ዙር ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ሊቆይ ይችላል። በዚያን ጊዜ 500 የሚለው የንባብ ገደብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻው የሚገልጽ ሰነድ ጎደሎ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የሚያደርሰውንም መናገር አለበት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ተቋም የሌሊቱን የመጠባበቂያ ቅጂ ለማፋጠን ይህንኑ ቁጥር 256 አደረግሁት። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ለውጡ ስለሚጠፋ በማስነሻው ፋይል ውስጥ አሰፈርሁት። ምክንያቱን ግን አልጻፍሁም። እኔ ከሄድሁ በኋላ በዚያው ሰርቨር ላይ የተማሪዎች መረጃ ቋት ተጫነ። በየምዝገባው ወቅት ሥራው ይንቀራፈፍ ጀመር፤ ኃላፊነቱን የያዘው ወጣት ባለሙያም «አልቻለም» ተብሎ ከቦታው ተነሣ። ችግሩን እንድመለከት ተጠርቼ ፋይሉን ስከፍት የገዛ እጄን ሥራ አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለተቋሙ በጽሑፍ አስታወቅሁ፤ ልጁ ግን መሥሪያ ቤቱን ለቅቆ ነበር። ስልክ ደውዬ ይቅርታ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ዶክተር፣ መስመሩን እኮ አይቼዋለሁ። ያስገባው ሰው ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ፈርቼ ነው ያልነካሁት።»

ምክንያቱ ያልተጻፈ ቁጥር እንዲህ ይከበራል፤ ማንም አያውቀውም፣ ማንም አይደፍረውም። ስለሆነም ተማሪዎቼን የምጠይቀው ይህን ነው። የማስተካከያውን ስም፣ መለኪያውንና ነባሪ ዋጋውን ጻፉ። ማን፣ መቼ፣ ለየትኛው ሥራ እንደለወጠው ጻፉ። ከለውጡ በፊትና በኋላ የለካችሁትን፣ የተገኘውንና የታጣውንም ጻፉ። በመጨረሻም የትኛው ሁኔታ ሲለወጥ ቁጥሩ ወደ ነበረበት መመለስ እንዳለበት አስፍሩ። እኔ «ለሌሊት ቅጂ ብቻ፤ ሌላ ሥራ ከተጫነ ወደ 16 ይመለስ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ያ ወጣት ዛሬም በቦታው ይኖር ነበር።