የዓድዋ ምርኮኞችና ባላገሩ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ዓድዋ ድል ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከድሉ በኋላ የሆነውን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ውጊያው ሲያበቃ 1,900 ያህል ኢጣልያውያን በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ወደቁ፤ ጄኔራል አልቤርቶኔም ከነዚሁ አንዱ ነበር። እነዚህን ሰዎች ማን አኖራቸው? በምንስ ሕግ?

በዚያን ጊዜ የጦር ምርኮኛን የሚጠብቅ የዓለም ሕግ ገና አልጸናም ነበር። በ1856 ዓ.ም. የተፈረመው የጄኔቭ ውል የቆሰለውን እንጂ ጤነኛውን ምርኮኛ አይመለከትም። የሔግ ደንብ የወጣው በ1891፣ ራሱን የቻለው የምርኮኞች ውል የተፈረመው በ1921 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዳኛው ልማድ ብቻ ነበር።

ምርኮኞቹ ከትግራይ እስከ ሸዋ በእግር ተጉዘው በየመኳንንቱ ቤት ተደለደሉ። የሽቦ አጥር አልነበረም፤ ምርኮኛው የሚያድረው በሰው ጣራ ሥር፣ የሚበላውም ከሰው ማዕድ ነበር። ከሸዋ የተመለሰው ሻለቃ ጋሜራና ሌሎችም ያሳተሟቸው ትዝታዎች መከራውንም ደግነቱንም ይናገራሉ።

ነገር ግን ማዕዱ የማን እንደ ነበረ እንጠይቅ። መኰንኑ ለምርኮኛው ቀለብ የሚሰፍረው ገባሩ ካገባው እህል ነው። ገባሩም ከክፉ ቀን ከወጣ ጥቂት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። በሬውን የፈጀው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል የገባው ኢጣልያኖች ካስመጧቸው ከብቶች ጋር መሆኑን ስናስብ፣ ያ ባላገር ማንን ይመግብ እንደ ነበር ይገባናል።

ሊቀ ጳጳሱ ሊዮን 13ኛ ምርኮኞቹ እንዲለቀቁ መልእክተኛ ልከው ነበር። ሆኖም ኢጣልያ ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ የጫነች የሆላንድ መርከብ ስለ ያዘች ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ልመናውን ሳይቀበሉ ቀሩ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውል ሲፈረም ምርኮኞቹ ተፈቱ፤ ኢጣልያም ለቀለባቸው 10 ሚሊዮን ሊሬ ከፈለች። የባላገሩ ጎተራ ግን በውሉ አልተጠቀሰም።

ክቡራን ሆይ፤ እዚህ ላይ ንግግሬን ብጨርስ ደስ ባለን ነበር። በየዓመቱ የካቲት 23 ስንነጋገርም የምንጨርሰው እዚሁ ላይ ነው። ነገር ግን ከነጮቹ ጋር የተማረኩ የአገር ልጆችም ነበሩ። በኢጣልያ ባንዲራ ሥር ከተዋጉት አስካሪዎች 800 ያህሉ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ብዙዎቹም ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። ፍርዱ ለከዳተኛ የቆየ የአገር ልማድ ነው ተባለ። አባቶቻችን «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እንግዳውን ያስተናገደውም ልማድ፣ ወንድሙን የቆረጠውም ልማድ ነበር።

ይህን የምለው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። በዚያው ዘመን በቅኝ ግዛት ጦርነት ውስጥ የነበሩት መንግሥታትም ስለ ምርኮኛ የሚያኮራ ታሪክ አልነበራቸውም። የምለው ስለ ሙያችን ነው። ልማድ ደግ ሲሆን ከሕግ ይበልጣል፤ ጎረቤት ለምርኮኛ ውሃ የሚሰጠው አንቀጽ አንብቦ አይደለም። ዳሩ ግን ልማድ የሚራራለትን ይመርጣል። ሕግ የሚያስፈልገው ማንም ሊራራለት ለማይፈልገው ሰው ነው። በ1941 ዓ.ም. የወጡትን የጄኔቭ ውሎች አገራችን በ1962 ዓ.ም. ስታጸድቅ የተቀበለችው ይህንኑ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ወደ የችሎታችንና ወደ የመሥሪያ ቤታችን ስንመለስ፣ ለእንግዳ የዘረጋነውን ማዕድ እያስታወስን እንኩራ። ያን ማዕድ የሞላውን ገባርና ከማዕዱ የተከለከለውን አስካሪ ግን አንርሳ።