ንድፉ ሳያልቅ ሕዝቡን ማማከር



የመንግሥትን መሬት ለጎብኚ የሚያሰናዳ መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ ሕዝቡን የሚሰበስበው ንድፉ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ማስታወቅ እንጂ ማማከር አይባልም።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ የጓሳ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን ይህን ውርጫማ ደጋ ባላገሩ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ በመረጠው አለቃ ሲያስጠብቅ ኖሯል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር እንዲያገግም ሥፍራው ለዓመታት ይዘጋ፣ በስምምነትም ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን አለቃው ሥልጣኑን አጣ፤ አጨዳውና ግጦሹም ልክ አጣ። ጥበቃው እንደገና የቆመው ኅብረተሰቡ ራሱ በምክር ቤት ሲደራጅ ነው።

ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ እንግዳ ይመጣል፤ የእንግዳ ማረፊያውም የኅብረተሰቡ ነው። እንግዲህ የእግር መንገዱ በየት ይለፍ? ድንኳኑስ የት ይተከል? ካርታው ዳገቱን ያሳያል እንጂ በክረምት ረግረግ የሚሆነውን መሬትና ቀበሮዋ የምትወልድበትን ጉድጓድ አያሳይም። ያን የሚያውቀው እረኛው ነው። ችካል ከመተከሉ በፊት ቃሉ ይሰማ፤ መሥመሩንም የማስለወጥ መብት ይኑረው። ስብሰባው መርዘሙ አይቀርም፤ ለግል ጥቅሙ የሚከራከርም አይጠፋም። ስለዚህ የምክክሩ ጊዜ ከቅየሳው ጊዜ ጋር አብሮ ይታሰብ፤ ወጪውም ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ይያዝ።