በውሃ ዳር ያለ የባቡር ጣቢያ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



ለንግግራችን የመረጥነው ርእስ በኢጣልያ አገር በቬኒስ ከተማ የሚገኘው የሳንታ ሉቺያ የባቡር ጣቢያ ነው። ከመካከላችን ነገ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ይኖራል፤ ከወላጆቻችንም ልጃቸውን ለመጠየቅ ብቻቸውን የሚጓዙ አሉ። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል፤ ሆኖም የሚሄዱበትን አገር ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ እንግልት ያድናል።

ቬኒስ በባሕር ውሃ መካከል በደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። እስከ 1846 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን) ወደ እርስዋ የሚገባው በጀልባ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም የባቡር ድልድይ ተከፈተ። በ1860ዎቹ መጀመሪያም ለጣቢያው ቦታ እንዲሆን የቅድስት ሉቺያ ቤተ ክርስቲያን ፈረሰች፤ ስምዋ ግን ለጣቢያው ቀረ። አሁን የሚታየው ሕንፃ የተፈጸመው በ1952 ነው።

እንግዳ ሰው ከሁሉ በፊት የስም መመሳሰል እንዳያሳስተው መጠንቀቅ አለበት። ባቡሩ ድልድዩን ከመሻገሩ በፊት «ቬኔዚያ ሜስትሬ» በሚባል ጣቢያ ይቆማል። ይህ በየብስ ላይ ያለ ሰፈር ነው። «ቬኔዚያ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የወረደ ሰው ውሃውን ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ «ሳንታ ሉቺያ» የሚለውን እስኪሰማ ድረስ ከመቀመጫው አይነሣ። ሐዲዱ የሚያበቃውም እዚያ ነው።

ከጣቢያው በር ሲወጡ አስፋልትና ታክሲ አይገኝም። ከደረጃው በታች ታላቁ ቦይ ይፈስሳል፤ የከተማው አውቶቡስ ጀልባ ነው፤ ስሙም ቫፖሬቶ ይባላል። መሳፈሪያው «ፌሮቪያ» ይባላል፤ ትርጉሙም የብረት መንገድ ማለት ነው። 1 ቁጥር ጀልባ በቦዩ ዳር ባሉት መቆሚያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል እየቆመ እስከ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ይወስዳል፤ 2 ቁጥር ግን ጥቂት ቦታ ብቻ ይቆማል። ተራው ትኬት ለ75 ደቂቃ ያገለግላል። ከመሳፈር በፊት ትኬቱን በመሣሪያው ላይ ማስነካት ግዴታ ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ ይህን የረሳ ሰው ይቀጣል። ለአጭር መንገድ በሚሄደው ባቡርም የወረቀት ትኬት ሳይሳፈሩ በመሣሪያ መታተም አለበት።

የቬኒስ ድልድዮች አብዛኞቹ ባለ ደረጃ ስለ ሆኑ ከባድ ሻንጣ ይዞ በእግር መጓዝ አይመከርም። ሻንጣን በጣቢያው የዕቃ ማስቀመጫ ማስቀመጥ ይቻላል። የቤት ቁጥርም የሚሰጠው በየመንገዱ ሳይሆን በሰፈር ነው፤ ከተማው 6 ሰፈሮች አሉት፤ ቁጥሮቹም እስከ ሺዎች ይደርሳሉ። ስለዚህ እናት ወይም አባት ብቻቸውን ሲጓዙ በወረቀት ላይ ከቤቱ ቁጥር ጋራ የሰፈሩን ስምና አቅራቢያ ያለውን የጀልባ መቆሚያ ጽፈን እንስጣቸው። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ይህች ወረቀት አፉ ናት። ለመመለስ ሲሹም በግድግዳ ላይ «ፌሮቪያ» የሚል ቢጫ ምልክት እየተከተሉ ጣቢያውን ያገኙታል።

በመጨረሻ ስለ እንግድነት ጠባይ እንናገር። ጣቢያው ለእኛ መግቢያ ቢሆንም ለከተማው ሰው የዕለት መንገዱ ነው። ሠራተኛውም ተማሪውም ገበያ የዋለችውም አሮጊት በዚያው ጀልባ ይሳፈራሉ። የእንግዳው ብዛት ስለ ከበዳቸው ከተማይቱ ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለውሎ ብቻ የሚመጣውን ሰው ማስከፈል ጀምራለች። እኛም በዚያ ስንገኝ የጀርባ ቦርሳችንን አውርደን እንያዝ፤ የሚወርደውን እናሳልፍ፤ በበሩ ላይ ቆመን ፎቶግራፍ አናንሣ። መንገድ ቢጠፋንም መጠየቅ ነውር አይደለም። በአገራችን እንግዳ ክቡር ነው፤ ክብሩን የሚጠብቀው ግን ራሱ እንግዳው ነው።

 ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።